ሐይቁን ማየት የፈለገ ዳሩ ይደር

የተራራ ሐይቅ ፎቶ ያላየ ሰው አይኖርም። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ውሃ፣ ከኋላው በረዶ የለበሱ ጫፎች፣ መሃል ላይ አንዲት ቀይ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ። ፎቶው አይዋሽም፤ ውሃው እውነትም እንደዚያ ነው። ግን የሚያሳየው አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። አብዛኛው ሰውም ያችኑ ቅጽበት ፍለጋ ቀትር ላይ ይመጣል፤ ዳር ቆሞ ያያል፣ ካያክ ተከራይቶ አንድ ሰዓት ይቀዝፋል፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ይህን ስል መንቀፌ አይደለም። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን እዚያ ውሃ ላይ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይበቃም። ነገር ግን እነዚህን ሐይቆች መቅዘፍ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ እምነት እያደር ጸንቶብኛል፦ ዳሩ ያላደረ ሰው ሐይቁን በግማሹ እንኳ አላየውም። ካያክና ድንኳን ለየብቻ የሚያዙ ሁለት መዝናኛዎች አይደሉም፤ በተራራ ሐይቅ ላይ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ለዚህ ትልቁ ምክንያት ነፋስ ነው።

የተራራ ነፋስ የራሱ ሰዓት አለው። ፀሐይ ወጥታ ተዳፋቱን ስታሞቅ ከድንጋዩ አጠገብ ያለው አየርም ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል። የወጣውን ለመተካት ከሸለቆው በታች ያለው አየር ወደ ላይ ይሳባል። ረፋዱ ላይ ለስላሳ ሽውታ ሆኖ ይጀምራል፣ ከቀትር በኋላ ይበረታል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይደክማል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ጫፎቹ ላይ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በሰሜን ጣሊያን የጋርዳ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ለሁለቱም ስም አውጥተውላቸዋል፤ ከሰሜን የሚወርደው የማለዳው ነፋስ «ፔለር»፣ ከደቡብ ሽቅብ የሚነፍሰው የከሰዓቱ ደግሞ «ኦራ» ይባላል። እዚያ ሁለቱም ብርቱ ስለሆኑ ባለሸራ ጀልባዎች ቀናቸውን የሚያቅዱት በእነሱ ነው። በብዙዎቹ የተራራ ሐይቆች ላይ ግን የሌሊቱ ነፋስ ደካማ ነው፤ የከሰዓቱ ነው የሚያስፈራው።

የሐይቆቹ ቅርጽ ደግሞ ነፋሱን ያግዘዋል። የበረዶ ግግር ቆፍሮ የተዋቸው ሐይቆች ብዙዎቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው። ግራና ቀኝ ገደል ስለሆነ ነፋሱ ሌላ መሄጃ የለውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመታቸው ይሮጣል። ሞገድ የሚያድገው ደግሞ ነፋሱ ውሃው ላይ በሚጓዘው ርቀት ልክ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት ያለፋችሁበት ውሃ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ነጭ አረፋ የያዘ ሞገድ ይሆናል፤ ሞገዱ ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ደግሞ ካያኩን ከየት አቅጣጫ እንደሚመታው አይታወቅም። በስዊዘርላንድ ትልልቅ ሐይቆች ዳር ብርቱካናማ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ተተክለዋል። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ካሉ ኃይለኛ ነፋስ ሊመጣ ስለሚችል ተጠንቀቁ ማለት ነው፤ 90 ጊዜ ካሉ አደጋው ቀርቧልና ቶሎ ወደ ዳር ውጡ ማለት ነው። ይህ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ እጅግ የማደንቀው ነው፤ ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ እንኳ ይረዳዋል። ራቅ ባሉት ሐይቆች ላይ ግን መብራት የለም። ሰማዩንና ውሃውን ማንበብ የቀዛፊው ፋንታ ነው።

እንግዲህ ሐይቁ ለቀዛፊ በሩን የሚከፍተው በቀን ሁለቴ ነው፤ ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ። ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ሰው ለመጀመሪያው አይደርስም፣ ሁለተኛውን ሳያይ ይሄዳል። ሁለቱንም ማግኘት የሚችለው እዚያው ያደረ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ፍንትው ብሎ የታየኝ ካናዳ ውስጥ፣ በጃስፐር ብሔራዊ ፓርክ ባለው ማሊን ሐይቅ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና የሚደርሰው ሰሜናዊ ጫፉ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት የማደሪያ ቦታዎች አሉ፦ ፊሸርማንስ ቤይ 13 ኪሎ ሜትር፣ ኮሮኔት ክሪክ 21 ኪሎ ሜትር ላይ። ወደ ሁለቱም የሚያደርስ የእግር መንገድ የለም፤ የሚደረሰው ተቀዝፎ ነው። ስፒሪት አይላንድ የምትባለውና በየፖስተሩ ላይ የምትታየው ትንሽ ባለዛፍ ደሴት ከመጀመሪያው ማደሪያ ትንሽ አለፍ ብላ ትገኛለች። ለአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ለስቶኒ ናኮዳ፣ የተቀደሰች ስለሆነች ማንም እግሩን እንዲያሳርፍባት አይፈቀድም፤ ከውሃው ላይ ሆኖ ማየት ነው።

ሐይቁን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀችው ሜሪ ሻፈርም መንገዱን ያገኘችው ከዚሁ ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ፈልጋ አጣችው። ኋላ ሳምሶን ቢቨር የሚባል የስቶኒ ናኮዳ ሰው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የሄደበትን መንገድ አስታውሶ በወረቀት ላይ ንድፍ ሠራላት፤ በዚያ ንድፍ እየተመራች በ1908 ደረሰች። ግንድ አጋጥመው ታንኳ መሰል መንሳፈፊያ ሠሩና ሐይቁን እየተጓዙ አዩት፤ ዳሩም አደሩ። በ1911 ተመልሳ መጥታ ለካችው። እኔን የሚገርመኝ ያ ሰው ከልጅነት ትዝታው ብቻ ተነስቶ ለሌላ ሰው የሚያደርስ ካርታ መሥራቱ ነው። አንድ ቦታ ላይ አድሮ ያደገ ልጅ ዓይን እንዴት ያለ ነገር ይይዛል!

ማሊን ላይ ቀን ቀን የሽርሽር ጀልባዎች እስከ ደሴቷ አቅራቢያ ይመላለሳሉ። የመጨረሻዋ ከተመለሰች በኋላ ሐይቁ ለቀዛፊዎቹ ይቀራል። የሞተር ድምፅ ሲጠፋ ምን ያህል ሌላ ድምፅ እንደነበረ ይገባችኋል፦ ከሩቅ የሚወርድ ፏፏቴ፣ ከገደል ላይ የሚንከባለል ድንጋይ፣ ሉን የሚባለው ጠላቂ ወፍ ማታ ማታ የሚያሰማው ረጅም ጥሪ። ጀርመን ውስጥ በኮኒግስዜ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሱት ጀልባዎች በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት። ከመቶ ዓመት በላይ ነው! ይህን ሳስብ ሌሎቹ ሐይቆች ምን እየጠበቁ እንደሆነ አይገባኝም።

የንጋቱን ነገር ልንገራችሁ። ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ከድንኳን ስወጣ ካያኩ ጤዛ ለብሷል፣ በመቀመጫው አፍ ላይ ሸረሪት ሌሊቱን ድር ዘርግታለች። በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ጎን እወስደዋለሁ። ጠጠሩ ላይ ስገፋው ካያኩ ለአንድ አፍታ ያንኳኳል፣ ውሃው ሲቀበለው ድምፁ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ መቅዘፊያዬን በዝግታ ነው የማነሳው። ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚወርዱት ጠብታዎች እያንዳንዳቸው ክብ ይሠራሉ፤ ዞር ብዬ ሳይ ክቦቹ በሁለት ረድፍ ከኋላዬ ተሰልፈው እየሰፉ ነው። ከፊቴ የተራራው ጫፍ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ቆሟል፣ የካያኩ አፍንጫ እሱን ሰንጥቆ ያልፋል። ፀሐይ በመጀመሪያ ከፍተኛዎቹን ጫፎች ነው የምትነካው። ከዚያ የብርሃኑ መስመር በገደሉ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በረዶው፣ ቀጥሎ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ የጥዱ ደን። መስመሩ ውሃው ላይ ደርሶ ትንሽ ከቆየ በኋላ የሐይቁ ፊት ላይ እዚህም እዚያም የሚንቀጠቀጡ ትንንሽ ቦታዎች ይታያሉ። ያኔ ወደ ዳር መቃረብ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰዓት ማየት አያስፈልግም።

ታዲያ ነፋሱ ተነስቶ ከውሃው ከወጡ በኋላስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ታላቅ እህቴን ማሊን ይዣት በሄድኩ ጊዜ ከፊሸርማንስ ቤይ ንጋት ላይ ተነስተን ወደ ኮሮኔት ክሪክ ስንቀዝፍ ከመንገድ ቆም ብለን ጠጠራማ ዳር ላይ አረፍን። ትንሽ አረፍ ብለን ልንቀጥል ነበር፤ ነፋሱ ግን ከወትሮው ቀድሞ ተነሳ። መሃሉ ነጭ በነጭ ሆነ።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለችኝ።

«ምንም። እስኪበርድ እንቀመጣለን።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ 12 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ እትዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ገና 5 ሰዓት አልሆነም እኮ!»

እህቴ ሥራ ፈትታ መቀመጥ የማታውቅ ሰው ናት። መጀመሪያ ሻንጣውን ሁሉ አውጥታ እንደገና አጣጠፈችው። ቀጥሎ ጠፍጣፋ ጠጠር እየለቀመች በቀለም በቀለም ለየች፤ ግራጫ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ መስመር ያለበት። ቀጥሎ ከነፋስ በተከለለ ግንድ ሥር ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ሞገዱን ሳይ ቆየሁ። ስትነሳ ፊቷ ላይ የግንዱ ቅርፊት ምልክት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ብዙ አወራን፤ በስልክ ዓመት ሙሉ ብናወራ የማንደርስበትን ወሬ፣ ስለ እናታችን ሕመም ጭምር። ወደ ማታ የእናታችንን ነገር እያነሳን ሳለ እህቴ በድንገት እጇን አንስታ አስቆመችኝና «ቅጠሉ ቆመ» አለች። ቀና ብዬ አየሁ፤ ከኛ በላይ ያለው ቅርንጫፍ አይነቃነቅም። መሃሉ ላይ ሞገዱ ገና አልበረደም ነበር፣ እኔም አላስተዋልኩም። ትንሽ ቆይቶ ውሃው እየተኛ መጣ፣ በመጨረሻው ብርሃን ኮሮኔት ክሪክ ገባን።

ከዚያ ቀን በኋላ ነፋስ ያገደው ከሰዓት የባከነ ጊዜ ነው የሚል ሰው ስሰማ አልስማማም። ቀን ሙሉ መቅዘፍ የሚፈልግ ሰው ርቀት ይቆጥራል፤ ይህም የራሱ ደስታ አለው። እኔ የማውቀው ግን ሐይቁ «ተቀመጥ» ሲል የሚቀመጥ ሰው ሐይቁንም አብሮት ያለውንም ሰው በሌላ ዓይን እንደሚያይ ነው።

የቀለሙም ነገር ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። የበረዶ ግግር ሲንቀሳቀስ ከሥሩ ያለውን አለት ይፈጨዋል። ከዚያ የሚወጣው ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ከቅላጩ፣ ማለትም ከበረዶው ቀልጦ ከሚወርደው ውሃ ጋር ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፣ ተንሳፍፎ ይቆያል። ውሃ ራሱ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዱቄቱ ደግሞ የቀረውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን በትኖ ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል። በረዶው ቀልጦ ገና ዱቄት ባልወረደበት ጊዜ ያው ሐይቅ ጠቆር ያለ ነው፤ በበጋው አጋማሽ ቅላጩ ሲበዛ ነው ቀለሙ የሚደምቀው። በቀን ውስጥም ፀሐይ ከፍ ስትል ይደምቃል፣ ንጋት ላይ ግን ውሃው ተራራውን ነው የሚያሳየው እንጂ የራሱን ቀለም አያሳይም። እዚያው ካናዳ በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ሞሬን ሐይቅ ለቀለሙ ሲባል እጅግ ብዙ ሰው ስለሚጎርፍበት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የግል መኪና በመንገዱ እንዳያልፍ ተከልክሏል፤ ሰው የሚሄደው በአውቶቡስ፣ በብስክሌት ወይም በእግሩ ነው። ጥሩ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳር ያደረ ሰው ግን ቀለሙንም መስታወቱንም በአንድ ቀን ያገኛል፣ አንዱን መምረጥ የለበትም።

አሁን ስለ ቅዝቃዜው። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ውበቱ ሰውን ያዘናጋል። በረዶ የሚመግበው ሐይቅ በበጋ አጋማሽም ቢሆን ሰው የሚገድል ቅዝቃዜ አለው። ዳር ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ በፀሐይ ስለሚሞቅ እጅ ነክሮ መለካት አይበቃም፤ መሃሉ ሌላ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ጎርደን ጊስብረክት ለሕዝብ ማስተማሪያ ያስተዋወቀው «1-10-1» የሚባል ቀመር አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ እጅና እግሩ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ይህ የሚሠራው ግን ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት፣ ለለበሰ ሰው ነው። ውሃው ሰውነትን በነካ ቅጽበት ሳይፈልጉት ጥልቅ ትንፋሽ ይሳባል፤ ያች አንዷ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነች ሰዓትም ደቂቃም አይቆጠርም።

ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ከመቀመጫው ኋላ የሚታሰር ዕቃ አይደለም፤ የሚለበስ፣ ዚፑም የሚዘጋ ነገር ነው። ልብስም የሚመረጠው አየሩን አይቶ ሳይሆን ውሃውን አስቦ ነው። ፀሐይ እየጠበሰች ዌት ሱት (ረጥቦም ሙቀት የሚይዝ ልብስ) ወይም ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባ ልብስ) መልበስ ያስጨንቃል፤ ሞቆኝ ካስቸገረኝ እጄን ነክሬ አንገቴን አርሳለሁ፣ ልብሱን ግን አላወልቅም። ሌላው ዳር ይዞ መቅዘፍ ነው። ሐይቁን በመሃል አቋርጦ ማሳጠር ያጓጓል፤ ዳሩን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ቢገለበጥም ወደ መሬት የሚደርስበት ርቀት አጭር ነው፣ በተጨማሪም ፏፏቴውንና ውሃ ልትጠጣ የምትወርደውን ሚዳቋ የሚያየው እሱ ነው። ከተገለበጡ በኋላ ተመልሶ ካያክ ውስጥ መግባትን ደግሞ ሞቅ ባለ ውሃ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። እጅ በደነዘዘ ሰዓት አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ካያክን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩት የአርክቲክ ሕዝቦች ናቸው፤ ከተንሳፈፈ እንጨትና ከአጥንት አጽሙን ሠርተው የአቆስጣ ቆዳ ያለብሱት ነበር። ወደ አልፕስ ሐይቆች በብዛት የመጣው ግን ተጣጥፎ ባቡር ላይ መጫን ከቻለ በኋላ ነው። ጀርመናዊው አልፍሬድ ሆይሪክ እ.ኤ.አ. በ1905 የሚታጠፍ ካያክ ነደፈ፤ በሮዘንሃይም ከተማ ልብስ ሰፊ የነበረው ዮሐን ክሌፐር በ1907 መብቱን ገዝቶ ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሰው ጀልባውን በትከሻው አንግቦ ባቡር ይሳፈር፣ ተራራው ሥር ይወርድ፣ ገጣጥሞ ይቀዝፍ ጀመር። ይህች ጀልባ የዋዛ አይደለችም፤ ሐኪሙ ሐነስ ሊንደማን በ1956 በእንዲህ ዓይነቱ ካያክ ብቻውን አትላንቲክን በ72 ቀን አቋርጧል።

ለመቅዘፍና ለማደር ካያክ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ሸክም መሸከሙ ነው። በጀርባ የማይታሰብ ምቾት ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ወፈር ያለ ፍራሽ፣ መጽሐፍ፣ በቂ ደረቅ ልብስ። አጫጫኑ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ከባዱ ዕቃ ከታችና ከመቀመጫው አቅራቢያ ይሆናል፣ ቀላሉ ወደ ሁለቱ ጫፎች። የድንኳኑ ዘንጎች ለብቻቸው ወጥተው ጠባቡ የኋላ ጫፍ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ትልቅ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ከመያዝ ብዙ ትንንሽ መያዝ ይሻላል፤ ትልቁ በቀዳዳው አይገባም፣ ከገባም ጎኑ ባዶ ቦታ ይተዋል። በደንብ የተጫነ ካያክ ውሃው ላይ ይረጋል፤ ለመነሳት ይዘገያል፣ ለመዞርም ያስቸግራል፣ አንዴ ከሄደ ግን በየቅዝፊያው መሃል ራሱ ይንሸራተታል። እኔ የተጫነውን ነው የምወደው።

ድንኳን ሲተከል ውሃው ጠርዝ ላይ መሆን ያምራል፣ አይመከርም ግን። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር የሚጠራቀመው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ከውሃው የሚነሳው እርጥበት ደግሞ የድንኳኑን ውስጥ ጠዋት ያንጠባጥበዋል። ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዛፎች ከለል ያደረጉት ቦታ ይሞቃል፣ ይደርቃልም። የተሰናዳ ማደሪያ በሌለበት ከውሃው 60 ሜትር ያህል መራቅ የተለመደ ደንብ ነው፤ ዳሩን የአውሬውና የዕፅዋቱ አድርጎ መተው ነው። ድብ ባለበት አገር ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ለዚህ በተሠራው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ድንኳን ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ አይገባም። ካያኩም ወደ ላይ ተጎትቶ፣ ተገልብጦ፣ ከግንድ ጋር ይታሰራል፤ ባዶ ካያክን የሌሊት ነፋስ በቀላሉ ይወስደዋል። 1,700 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ እራት ከተለመደው በላይ ይቆያል። የሚጠጣውን ውሃ ምንም ቢጠራ ማፍላት ነው፤ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ።

ከመሄዳችን በፊትና ከተመለስን በኋላ የሚደረግ አንድ ሥራ አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንፍ ውስጥ ጆንሰን በሚባል ትንሽ ሐይቅ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣና መሰሎቹን የሚያጠቃ አንድ በሽታ በካናዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። አምጪው ዓይን የማያየው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ባለ ትልና በዓሣ መካከል እየተመላለሰ ይኖራል፣ የጫጩቶቹን ለጋ አጥንት ይጎዳል፤ የታመመ ዓሣ በአንድ ቦታ ክብ እየሠራ ይዋኛል። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ከሚዛመትበት መንገድ አንዱ በጀልባና በጫማ ላይ የቀረ ጭቃና ውሃ ነው። ስለዚህ ካያኩን፣ መቅዘፊያውን፣ ጫማውን ከጭቃና ከሣር ማጽዳት፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ ማውጣት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። የመቀመጫው ሥር ስፖንጅና የገመዱ ቋጠሮ የሚረሱት ቦታዎች ናቸው። ከአንዱ ሐይቅ ወጥቶ በዚያው ዕለት ሌላው ላይ መውረድ ያስጎመጃል፤ በረጠበ ካያክ ግን አላደርገውም፣ ሌላውም እንዳያደርግ እለምናለሁ።

ሐይቆቹ ራሳቸው እየተለወጡ መሆናቸውንም ሳላነሳ አላልፍም። በስዊዘርላንድ ያለው የበረዶ ግግር እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ብቻ ከመጠኑ 10 በመቶ ያህሉን አጥቷል። በዚያው አገር ከ1850 ወዲህ ግግሩ እየሸሸ በተወው ጎድጓዳ ቦታ ወደ 1,200 የሚጠጉ አዳዲስ ሐይቆች ተፈጥረዋል፣ 1,000 ያህሉ ዛሬም አሉ። ካርታ ላይ ስመለከታቸው ደስታና ሐዘን ተቀላቅሎ ይሰማኛል። ውብ ናቸው፤ የተወለዱት ግን የሚመግባቸው ነገር እየሞተ ስለሆነ ነው። ግግሩ ጨርሶ ሲጠፋ የድንጋይ ዱቄት መውረዱ ይቆማል፣ የተንሳፈፈውም ይዘቅጣል፣ ውሃው ይጠራና እንደማንኛውም ጥልቅ ውሃ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። እሱም ያምራል። ያንን የወተት አረንጓዴ ግን የሚያየው የዛሬ ሰው ነው።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ ማሊንን የሚያህል ሐይቅ አይምረጥ። በስሎቬኒያ ያለው ቦሂን ሐይቅ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው 526 ሜትር ብቻ ስለሆነ በበጋ ይዋኙበታል። አገሪቱ ውስጥ በየሜዳው ድንኳን መትከል ክልክል ነው፤ በሐይቁ ምዕራባዊ ጫፍ ኡካንጽ ላይ ግን የተሰናዳ ማደሪያ አለ። የትም ይሁን የት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዙ። የመጀመሪያው ሌሊት ዕቃ በማውጣት፣ ድንኳን በመትከልና ለድምፁ እንግዳ በመሆን ያልቃል፤ ጠዋቱም በድካም ያመልጣል። ሁለተኛው ጠዋት ነው የእናንተ የሚሆነው። ስትደርሱ ታዲያ ከረጢቶቹን ከመፍታታችሁ በፊት ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነሳና በስንት ሰዓት እንደሚበርድ ልብ ብላችሁ ያዙ፤ በማግስቱ ስንት ሰዓት ላይ መነሳት እንዳለባችሁ፣ የትኛውን ዳር ይዛችሁ መሄድ እንደሚሻላችሁ የምታውቁት ከዚያ ነው።